ትርፍ የሌለው ትርፍ ጊዜ

74110።

ለማያውቀው ሰው ከባንክ የተላከ የማረጋገጫ ኮድ ይመስላል። የቡና ስም ነው። ወንድሞችም አሉት፦ 741፣ 74112፣ 74158፣ 75227። በአውሮፓና በአሜሪካ ቡና ቆልተው የሚሸጡ ድርጅቶች ማሸጊያው ላይ «ኢትዮጵያ» ከሚለው ቃል ሥር እነዚህን ቁጥሮች ያትማሉ፤ ነገሩ የገባው ገዢም ቁጥሩን አይቶ ይመርጣል። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ዓይኔ ሲያርፍባቸው ወዲያው የመጣልኝ የቨርዥን ቁጥር ነው። ከእውነቱም ብዙ አይርቅም። የ74110 የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓመት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. 1974። የቀሩት ሦስቱ ደግሞ በዚያ ዓመት ምልክት የተደረገባት የአንዲት እናት ዛፍ ተራ ቁጥር ናቸው።

የአንዲት ዛፍ። የተገኘችው ከጅማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በኢሉ አባ ቦራ፣ መቱ አካባቢ ቢሻሪ በሚባል ቦታ ነው። ዛሬ ልጆቿ ከጅማ አልፈው በሲዳማና በጌዴኦ ጓሮዎች ውስጥ ሳይቀር ይገኛሉ።

ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ሆቢ ነው። አዎ፣ ስለ ሆቢ። ስለ ትርፍ ጊዜ፣ ለራሳችን ስለምናስቀምጣቸው ጥቃቅን ግቦች፣ እነዚህም ነገሮች አንዳንዴ ከደሞዝም ከሥራ ማዕረግም በላይ ሰውን ለምን እንደሚያጠግቡ። «የደስታ አምስት ቁልፎች» ዓይነት ምክር ስለሰለቸኝ በምክር አልጀምርም። በዛፏ ነው የምጀምረው።

ትርፍ የሚለው ቃል

ትምህርት ቤት እያለን «ሆቢ» የሚል ባዶ ቦታ ያለበት ቅጽ ያልሞላ የለም። ሁላችንም «ማንበብ፣ ሙዚቃ ማዳመጥ፣ ፊልም ማየት» ብለን ሞልተነዋል። ብዙዎቻችን ሲቪ ላይ አሁንም እንዲያው አለ። ጥያቄውን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው ጥቂት ነው፤ አንዱ ምክንያት ቋንቋችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ሆቢን «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» እንለዋለን። ትርፍ አንደኛው ፍቺው ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ፣ ቢወጣም የማይጎዳ ነው፤ ትርፍ አንጀት እንደምንለው። ገበያ ውስጥ ግን ትርፍ ሌላ ነው፤ ወጪ ተቀንሶ ኪስ የሚገባው። ስለዚህ አንድ ወጣት ማታ ማታ ሥዕል መሳል ሲጀምር ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣበታል። አንዱ «ሥራ ፈት!» ይለዋል፤ ትርፍ አንጀት ነዋ። ሌላው «ለምን አትሸጠውም?» ይለዋል፤ ትርፍ ነዋ። ደስ ስላለው ሳለ የሚለው ሦስተኛው አማራጭ በቃሉ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ያ ሦስተኛው አማራጭ ግን ከቃሉ ውጭ ኖሯል። በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ታሪክ ውስጥ ስም ሳይወጣለት ረጅም ዕድሜ የኖረ ነገር ነው። እንዲያውም አንድ ክፉ ዘመን ሲመጣ ቡናችንን ካተረፉት ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

ጥቁር ፍሬ

እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ሙያተኞቹ ሲቢዲ ይሉታል፤ በአማርኛ የቡና ፍሬ በሽታ። ኬንያ ውስጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1922 ስለሆነ እኛ ጋ ሲደርስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ነበር። ፈንገስ ነው። ዋናው ጥቃቱ ፍሬው ላይ ነው፤ ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ ይይዝና ጥቁር፣ ሰርጎድ ያለ ጠባሳ ያወጣበታል። ፍሬው ወይ ይረግፋል፣ ወይ ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ደርቆ ይቀራል። ዛፉን ከሩቅ ስታዩት ጤነኛ ነው፤ ጉዱ የሚታወቀው ቀረብ ሲሉ ነው። ዝናብና ቅዝቃዜ ይመቸዋል። የጅማን ክረምት የምታውቁ ሰዎች ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም።

ኬንያ በኬሚካል ርጭት ትታገለው ነበር። ለትልቅ እርሻ ያስኬዳል። በጓሮውና በጫካ ጥግ ጥቂት መቶ ግንድ ቡና ላለው የጎማ ወይም የጌራ ገበሬ ግን የማይታሰብ ወጪ ነው። ሌላው መንገድ በሽታውን የሚቋቋም አዲስ ዝርያ ማዳቀል ነው፤ እሱ ደግሞ ዓመታት ይበላል። ኬንያ ሩይሩ 11 የሚባለውን ዝርያዋን ለገበሬ ያደረሰችው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው።

ጅማ አጠገብ፣ መልኮ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነበር። በዚያ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች፣ ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከፋኦ የመጣው ራውል ሮቢንሰን፣ ሥራውን በኋላ የገፋበት ኔዘርላንዳዊው ቫን ደር ግራፍም ጭምር የተከተሉት ሐሳብ ሲሰሙት ተራ ነው፦ አዲስ ዛፍ ለመፍጠር ከመጣደፍ በፊት ያሉትን ዛፎች እንያቸው። በሽታው ክፉኛ ወደ መታቸው ቦታዎች በበሽታው ወቅት ሂድ። ጎረቤቶቿ ሁሉ ጠቁረው እሷ ብቻ ንጹሕ ፍሬ የያዘች ዛፍ ካገኘህ ምልክት አድርግባት። ቁጥር ስጣት።

ጥርጣሬው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ንጹሕ የሆነችው በእርግጥ በሽታውን ስለምትቋቋም ነው ወይስ ዘንድሮ በዕድል አምልጣ? ከዘሯ ችግኝ ይፈላል፤ ችግኙ ላይ ፈንገሱ ሆን ተብሎ ይረጭበታል። የሞተው ይሞታል፣ የተረፈው ወደ ማሳ ይወጣል፣ እዚያም እንደገና ይታያል። ይህን እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች በደንብ እናውቀዋለን፤ «እኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል» እና «ይሠራል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሁን ደግሞ ዘመኑን አስቡት። እ.ኤ.አ. 1974 በኛ አቆጣጠር 1966 እና 1967 ነው። የካቲት 66 ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ቆመ፣ መምህራን አድማ መቱ፣ ወታደሩ ተነሳ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ወጣ። ተማሪው በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወረደ። ሁሉም ሰው ትልቅ ጥያቄ ይዞ የሚሮጥበት ጊዜ ነበር፤ ጥያቄውም የእውነት ትልቅ ነበር። ለጅማ ጭሰኛ የመሬት ጉዳይ የሞት ሽረት ነው።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው ክረምት፣ ጭቃ ውስጥ አንድ ሰው ቡና ሥር ቆሞ ጥቁር ፍሬ ይቆጥራል። የያዘው ጥያቄ ይቺን ታህላለች፦ ይቺ ዛፍ ታማለች ወይስ አልታመመችም?

ትንሹ ጥያቄ ትልቁን ይተካል እያልኩ አይደለም። መሬት የሌለው ገበሬ ጤነኛ ዛፍ ቢያገኝ የት ይተክለዋል? ግን ትንሹ ጥያቄ ትልቁ የሌለው አንድ ነገር አለው፤ ሲመሽ መልስ አለው። የትልቁ ጥያቄ መልስ በአዋጅ፣ በመትረየስ፣ በሌሎች ሰዎች እጅ ነበር። የትንሹ መልስ ሰውዬው ዓይን ፊት፣ ቅርንጫፉ ላይ ነበር። ቀን ሙሉ ዳገት ወጥቶ ወርዶ ማታ «ዛሬ ይህን ያህል ዛፍ አየሁ፣ አንዷ ንጹሕ ናት» ብሎ የሚተኛ ሰው ቀኑን ጨብጦታል። ስለ ጥቃቅን ግቦች የማምነው ነገር ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ።

ዛፏ ከየት መጣች?

ያ ፍለጋ የተሳካው የሚመረጥ ነገር ስለነበረ ነው። ይህ እንዴት ያለ ሀብት እንደሆነ ለማየት ለአፍታ ወደ አውሮፓ እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1706 ከጃቫ የመጣ የቡና ተክል አምስተርዳም ውስጥ ባለው የዕፅዋት ማዕከል ደረሰ። ከሱ ዘር የሆነ አንድ ተክል በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ተሰጠ። በላቲን አሜሪካ የተስፋፋው ቡና ትልቅ ክፍል ከእንዲህ ዓይነት ጥቂት ተክሎች የወረደ ነው። አገር ምድሩን የሞላው ቡና ወንድማማች ሲሆን ደግሞ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል።

በጅማ፣ በከፋና በኢሉ አባ ቦራ ነገሩ ሌላ ነው። አረቢካ ቡና በተፈጥሮው የሚበቅልበት አገር ነው፤ ጫካው ውስጥ ያሉት ዛፎች የአንድ እናት ልጆች ሳይሆኑ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ሰውም ከጫካው ችግኝ እየነቀለ ጓሮው ይተክላል፣ የጎረቤቱን ፍሬ ወዶ ዘሩን ይለምናል። ስለዚህ የጅማ ጓሮ አንድ ዓይነት ዛፍ በረድፍ የተሰለፈበት እርሻ ሆኖ አያውቅም።

እንዲህ ያለ ጓሮ በቅርብ የማውቀው አጋሮ አካባቢ ነው፤ የአባቴ እህት ቤት። አዳዳ ነው የምላት። ጓሮዋ ያለውን ቡና አንድ በአንድ ታውቀዋለች። አንዷ አዲስ ቅጠል ስታወጣ ጫፉ ነሐስ የሚመስል ነው። የሌላዋ ፍሬ ትልልቅ ስለሆነ ለቡና ቀላ ትመርጣታለች፤ ፍሬው ከነገለባው በቅቤ የሚበስልበት፣ በእንግዳና በበዓል ቀን የሚቀርበው ማለት ነው። ጥግ ላይ፣ ዋንዛው ሥር ያለችው ሦስተኛዋ ግን ምንም አትረባም። ቀጭን፣ ዘንበል ያለች፣ በዓመት አንድ ቁና የማትሞላ። እኔ የተማርኩ መሐንዲስ ነኝና ስሌቱ ወዲያው ነው የታየኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ቦታ ይዛ፣ ውሃ እየጠጣች...

«አዳዳ፣ ይቺን ለምን አታስቆርጫትም?»

«ምን አጠፋች ልጄ? ደስ ትለኛለች።»

በቃ። ሌላ ምክንያት አልሰጠችኝም። ሌላ ምክንያትም አያስፈልጋትም ነበር።

ደስ ትለኛለች የሚለው መልስ ትርፍ አንጀትም ትርፍም አይደለም፤ ከላይ ቃል አጣሁለት ያልኩት ሦስተኛው ነገር እሱ ነው። ዛሬ እዚያው ጎማ ወረዳ፣ ጮጬ ላይ፣ መንግሥት ከ5 ሺህ በላይ የቡና ናሙናዎችን በማሳ ያቆያል፤ ብዝኃ ሕይወት ይባላል፣ በጀትም ባለሙያም አለው። ተፈጥሮና ጫካው የጀመሩትን ይህን ሥራ በየጓሮው ያሉ ሰዎች ያለ በጀትና ያለ ሪፖርት ሲቀጥሉበት ኖረዋል። ሁሉም ሰው በምርት ብዛት ብቻ አስልቶ ደካማዋን ዛፍ ቢቆርጥ ኖሮ በ1966 ክረምት የሚዞረው ሰው የሚመርጠው ነገር ባነሰው ነበር።

አንድ ትእዛዝ፣ አንድ ኢንተር

ታሪኩን ማንበብ የጀመርኩት በራሴ ምክንያት ስለሆነ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ጅማ ተወልጄ፣ እዚያው ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ አሁን አዲስ አበባ ነው የምሠራው። ካምፓስ ሳለን ግባችን ሁሉ ትልቅ ነበር። «ኢትዮጵያን የሚቀይር ሲስተም» የማይል የመመረቂያ ፕሮጀክት አልነበረም።

ከምረቃ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሲስተም ላይ ሠራሁ። ድርጅቱን አልጠራም። አንድ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ተጠራና ፕሮጀክቱ መቆሙ ተነገረን። ከሰዓት ሰርቨሮቹ ጠፉ። አንድ ትእዛዝ፣ አንድ ኢንተር። ደሞዜ አልተነካም፣ ከሥራም አልተባረርኩም፤ በማግስቱ ሌላ ፕሮጀክት ተሰጠኝ። ግን ለሳምንታት ማታ ማታ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ አንድ ነገር አብሰለስል ነበር፦ ያ ሁለት ዓመት የት ገባ? ጡብ የደረደረ ሰው በመንገድ ሲያልፍ «ይህን እኔ ሠራሁት» ይላል። እኔ የማሳየው አንድ ስክሪን እንኳ አልቀረልኝም።

በዚያ ሰሞን አዳዳ በወረቀት ጠቅልላ የሰጠችኝ አሥራ ሁለት የቡና ፍሬ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። አንገቱ የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ አፈር ሞልቼ የኮንዶሚኒየሜ በረንዳ ላይ ተከልኳቸው። ሰባት ሳምንት ያህል ምንም የለም። ከዚያ አንድ ጠዋት አፈሩን ገፍቶ እንደ ክብሪት እንጨት ጫፉ ላይ ፍሬውን የተሸከመ ነገር ብቅ አለ። ከቀናት በኋላ ፍሬው ተከፈተና ሁለት ክብ ቅጠል ሆነ። ደብተር ገዛሁ። ቀን፣ ቁመት፣ የቅጠል ጥንድ ብዛት። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ በቀሉ፣ አራቱ ዛሬም አሉ።

የመጀመሪያ ግቤ አንዱ ሲበቅል ማየት ነበር። ሁለተኛው ስድስት ጥንድ ቅጠል። ሦስተኛው አንዲት አበባ ነው፤ ቡና አበባ ለማየት ሦስት ዓመት ያህል ይጠይቃል፣ የአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ያዘገየዋል። ፍሬ አልጠብቅም። አበባውን ለምን እንደምፈልገው የጅማ ልጆች ይገባችኋል፤ ከበጋው ማለቂያ ዝናብ ጠብ ካለ በኋላ ቡናው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጭ ይሆንና ሽታው መንገዱን ይሞላዋል፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ደግሞ ያልቃል።

አንድ ጓደኛዬ በረንዳዬን አይቶ ዝም ማለት አልቻለም። «አንተ፣ ይህ እኮ ቢዝነስ ነው! የበረንዳ ቡና። ቴሌግራም ላይ ቻናል እንከፍታለን፣ ችግኙን ከነባልዲው እንሸጣለን፣ አፑን አንተ ትሠራለህ፣ ማርኬቲንጉን ለኔ ተወው።» ሶፍት ላይ ሒሳብ ሠራልኝ። ሒሳቡ የሚያስቅ አልነበረም፤ የቤት ኪራይ ደግሞ በጨመረ ሰሞን ነው። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ከዚያ እንቢ አልኩት።

ገንዘብ ስለምንቅ አይደለም። በሳምንት አምስት ቀን ጊዜዬን እሸጣለሁ፤ ገዢ መኖሩም ደስ ይለኛል። ግን ችግኞቹ ዕቃ ሆነው ለሽያጭ በቀረቡ ቀን ደብተሬ ላይ የምጽፈው ነገር ይቀየራል። ቀጭኗ አራተኛዋ ችግኝ «የማትሸጥ» ትሆናለች። ጥያቄውም «ዛሬ አዲስ ቅጠል አወጣች?» መሆኑ ቀርቶ «ስንት ሰው አየው? ስንት ሰው ገዛ?» ይሆናል። የዚያ ጥያቄ መልስ እንደ ሰርቨሩ ሁሉ በሌላ ሰው እጅ ነው። ሌላ ሰው የማያጠፋብኝ አንድ ነገር ፈልጌ ነበር፤ አገኘሁት፤ መልሼ አልሰጠውም።

ትርፍ ጊዜ ያለው ማነው?

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «ለአንተ ይመቻል፤ ደሞዝ አለህ፣ በረንዳ አለህ» ቢለኝ እውነቱን ነው። ትርፍ ጊዜ እኩል አልተከፋፈለም። የቡና ሥርዓታችንን እንኳ እዩት፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ዙር ጨዋታ የሚደምቅበት ለእንግዳው ነው። የምትቆላው፣ የምትወቅጠው፣ ሲኒ የምታጥበው ሴት በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናት። የአንዱ ትርፍ ጊዜ በሌላዋ ድካም የተገዛ ነው። ስለዚህ «ሆቢ ይኑራችሁ» የሚል ምክር ከመስጠት በፊት ቤት ውስጥ ሲኒውን የሚያጥበው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለብን። ወንድሞቼ፣ ሲኒ ማጠብም መልሱ ወዲያው የሚታይ ትንሽ ግብ ነው።

ለገበሬውም ቡና ሆቢ አይደለም፤ እንጀራ ነው። ግን ጥቃቅን ግብ እዚያም ይሠራል። ለረጅም ጊዜ በዓለም ገበያ «ጅማ 5» ማለት ተራ፣ ርካሽ ቡና ማለት ነበር፤ ቀይና አረንጓዴው አንድ ላይ ተለቅሞ፣ በጀንፈል ደርቆ፣ ከሌላው ጋር ተደባልቆ የሚሸጥ። እ.ኤ.አ. በ2010 አጋሮ አካባቢ መቶ ያህል ገበሬዎች ዱሮሚና የሚባል ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙና በብድርና በባለሙያ እገዛ የራሳቸውን የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተከሉ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚሠራው ነገር ሲታይ እጅግ ትንሽ ነው፤ ቀይ እሸት ብቻ ልቀም፣ የለቀምከውን በዚያው ቀን ፈልፍል፣ በደንብ እጠብ፣ አልጋ ላይ ስታደርቅ ቶሎ ቶሎ አገላብጥ። በ2012 ዓለም አቀፍ ቀማሾች በዳኙት ውድድር የዱሮሚና ቡና የአፍሪካ ምርጥ ተባለ። ያው የጅማ አፈር፣ ያው የጅማ ዝናብ ነው። የተለወጠው የዕለቱ ጥያቄ ነው፤ «ስንት ኪሎ?» የሚለው «ይቺ ፍሬ ቀልታለች?» በሚለው ተተካ።

አማተሮቹ

ወደ ራውል ሮቢንሰን ልመለስ። የቡናውን ሥራ ካየ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ «ሪተርን ቱ ሬዚስታንስ» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። በሽታን የሚቋቋም ሰብል ስለ ማራባት ነው፤ የኢትዮጵያ ቡና ታሪክም አለበት። እኔን የገረመኝ ግን መጽሐፉ የሚያናግረው ሰው ነው። ፕሮፌሰሮችን ብቻ አይደለም፤ ገበሬዎችን፣ ጓሮ አትክልት የሚያለሙ ሰዎችን፣ ተማሪዎችን ነው። ሰብል ማራባት ባለ ነጭ ጋውኖች ብቻ የሚሠሩት ምሥጢር አይደለምና ክበብ አቋቁማችሁ ራሳችሁ ሥሩት ይላል። በአማተር፣ ማለትም ነገሩን ወዶ በሚሠራው ሰው ይተማመናል። በጅማና በኢሉ አባ ቦራ ዳገቶች ላይ የተሠራውን ያየ ሰው እዚያ ድምዳሜ ላይ መድረሱ አይገርምም። የተፈለገው መሣሪያ ዓይን፣ ትዕግሥትና የቁጥር ታርጋ ነበር።

በኔም ሙያ ተመሳሳይ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ተማሪ አንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየሠራ መሆኑን ለሌሎች ሲያሳውቅ ሆቢ ብቻ እንደሆነና ትልቅ ነገር እንደማይሆን ተናግሮ ነበር። ያ ሊነክስ ነው፤ ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ አንድሮይድ ከሆነ ውስጡ አለ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ጽሑፉ ወጥመድ ውስጥ ሊገባ ነው። «ሆቢያችሁን ያዙ፣ አንድ ቀን 74110 ወይም ሊነክስ ይሆናል» ብዬ ብጨርስ ጓደኛዬ ሶፍት ላይ የሠራውን ሒሳብ በሌላ ቋንቋ ደገምኩት ማለት ነው። ሆቢን በመጨረሻ ባስገኘው ትርፍ ማስከበር ይሆናል።

እውነቱ ግን ይህ ነው፦ ቁጥር የተሰጣቸው ዛፎች ጥቂት ናቸው። በየጓሮው ደስ ስላሉ ብቻ የቆሙት ሌሎቹ ምልክት ሳይደረግባቸው፣ ማሸጊያ ላይ ሳይታተሙ አርጅተዋል። የአዳዳ ዘንበል ያለች ዛፍ ቁጥር የላትም፤ በሽታ ትቋቋም አትቋቋም ማንም አልሞከረባትም። ሆኖም አዳዳ ጠዋት በሩን ከፍታ ስትወጣ መጀመሪያ የምታያት እሷን ነው። ያ ቀድሞም የተከፈለ ዋጋ ነው። 74110 ሌላ ነገር ጨመረ እንጂ እሱን አላረጋገጠውም።

ለዚህ ነው ትልቅ ግብ ያላቸውን የዕድሜ እኩዮቼን «ትልቁን ተዉት» የማልላቸው። ያዙት። ግን ትልቁ ግብ ብዙ ጊዜ መልሱ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ በአለቃ፣ በገበያ፣ በዘመን። ከሱ ጎን በራሳችሁ እጅ ያለች አንዲት ትንሽ ጥያቄ ይኑራችሁ። ይህን ዜማ በክራር መጫወት እችላለሁ? ይህን ዳገት ሳላቆም እወጣለሁ? ሲመሽ አዎ ወይም አይደለም የምትል ትሁን። አይደለም ካለችም ችግር የለውም፤ ነገ ጠዋት እዚያው ትጠብቃችኋለች።

የኔዋ የዛሬ ማታ መልስ ደብተሬ ላይ ተጽፏል፦ አራተኛዋ ችግኝ፣ ዘጠኝ ጥንድ ቅጠል። አበባ ገና።